የወንዙ ዳር ጉጉት

ባለፈው ሰኔ የመጻሕፍት መደርደሪያ ላሠራ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አናጢው መጋዙን አስነስቶ አንድ የጥድ ግንድ ለሁለት ሲከፍለው ሽታው ድንገት ቤቱን ሞላው። እርጥብ፣ ሞቅ ያለ፣ መጨረሻው ላይ መረር የሚል ሽታ ነው። ልኬቱን እየነገርኩት ነበር፤ ቃሉ ከአፌ ላይ ጠፋ።

«እህቴ፣ ቁመቱን ስንት አልሽኝ?» አለ አናጢው።

«ቆይ፣ መጣሁ» ብዬው ወጣሁና በረንዳው ላይ ቆምኩ። ያ ሽታ የአንድ ክረምት ሽታ ነው። አራተኛ ክፍልን የጨረስኩበት፣ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ እናቴ ከአልጋ እንዳትወርድ የተከለከለችበት ክረምት።

ቤታችን ቦሌ ነበር፤ ከሩዋንዳ ሰፈር ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት መጨረሻ ላይ። ያኔ ሰፈሩ ገና ፎቅ አልበዛበትም። አስፋልቱ ከላይ ያበቃል፤ ወደ እኛ የሚያወርደው ኮረኮንች ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃ ነው። ከአጥራችን ጀርባ ጫካው ይጀምራል። ጫካ ስል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ትልቅ ሰው ዙሪያውን ልዙረው ቢል ጥዶ የወጣው ሻይ ሳይፈላ ይመለሳል። ለእኔ ግን ጫካ ነበር። ጥድ፣ ወይራ፣ አንድ ሁለት ዝግባ፣ ከሥራቸው አጋምና ስሙን የማላውቀው ቁጥቋጦ። ወንዙ ታጥፎ ሊከበው ምንም አይቀረው፤ በእኛ በኩል ደግሞ የጎርፍ ቦይ አለ። በበጋ ቦዩን ዘልለን እንሻገራለን። ክረምት ሲገባ ስለሚሞላ በተጋደመ ግንድ ላይ ካልሆነ አይታለፍም።

ግንዱ አጠገብ የጋሽ ሰይድ ቤት አለ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለሱ ዕድሜያቸውን ጨርሰው አረፍ ያሉ። ከመኪናቸው የቀረላቸው አንድ የሾፌር ወንበር ነው፤ እሱን ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው ሙስባሐቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ እየቆጠሩ ይውላሉ። ጫካው የሳቸው አልነበረም። የማንም አልነበረም። ግን መጥረቢያ የያዘ ሰው በሳቸው ፊት ሳያልፍ አይገባበትም።

«ወዴት ነው?» ይላሉ።

«ጭራሮ ልለቅም ነበር ጋሽ ሰይድ።»

«ለጭራሮ መጥረቢያ ምን ይሠራል? እዚሁ አስቀምጠውና ግባ። ስትወጣ ትወስደዋለህ።»

ሰውየው ያስቀምጣል። ጋሽ ሰይድን የሚጋፋ አላየሁም። ድምፃቸውንም ከፍ አያደርጉም፤ ዝም ብለው ያያሉ፤ ያ ይበቃል። እኔ ለረጅም ጊዜ ጋሽ ሰይድን የዛፎቹ አባት አድርጌ ነበር የማስባቸው። ልጆች የላቸውም ሲባል ስሰማ «ታዲያ ዛፎቹስ?» ብዬ እናቴን አስቄያታለሁ።

እናቴ አስካለ ትባላለች። የተወለደችው ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካሉት ደሴቶች ባንዱ ላይ ነው። አባቴ ተስፋዬ፣ ኤርፖርት ጭነት ክፍል ከመግባቱ በፊት፣ ለሥራ ዝዋይ ሄዶ ሲከርም አገኛትና ይዟት መጣ። ስለ ደሴቷ ብዙ አታወራም ነበር። ስታወራም አማርኛዋ ላይ የሚቀር አንድ የምላስ እጥፋት ስለነበረ ሰዎች ፈገግ ይላሉ፤ ያን ጊዜ ታቆማለች። እኔ የማውቀው አሳ ስትበላ ከአጥንቱ በቀር ምንም እንደማታስቀርና ሰማዩን አይታ ዝናብ መምጣቱን እንደምትናገር ብቻ ነው።

ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ሳይወለዱ አጥታቸዋለች። በዚያ ዓመት ሦስተኛው መጣ። ሐኪሙ «እስክትወልጂ ከአልጋ አትውረጂ» አላት። ከሰል ማቀጣጠል የለ፣ ልብስ ማጠብ የለ፣ ደጅ መውጣት የለ። አልጋዋን አባቴ ወደ ጓሮው መስኮት አስጠጋላት፤ ከዚያ ላይ ሆና የምታየው አጥሩንና ከአጥሩ በላይ የዛፎቹን ራስ ነው። እሷን ለማስታመም ደግሞ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ ከመንዝ መጡ።

እትዬ ብርቄ ደግ ሴት ነበሩ። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሌላ ሊያስመስላቸው ይችላልና። ገና ሲነጋ ተነስተው ቤቱን ይጠርጋሉ፣ አጥሚት ያበስላሉ፣ የእናቴን እግር በሞቀ ውሃ ያጥባሉ። ከዚያ ደግሞ ይጸልያሉ። በአንድ ነገር ብቻ ዕረፍት አልነበራቸውም፤ አመሻሽ ላይ ከጫካው ውስጥ ጉጉት ትጮህ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ሲሰሟት እጃቸው ላይ የነበረውን ሰሃን ጥለው አማተቡ።

«ይቺ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ትጮሃለች?» አሉ።

«አዎ እትዬ» አልኳቸው። «ባልየውም ይመልስላታል። ቆይ፣ አሁን ይሰማሉ።»

ባልየው መለሰላት። እትዬ ብርቄ ሄደው መስኮቱን ዘጉት።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ ግንቦት ውስጥ ይመስለኛል፣ የሳይንስ መምህራችን ቲቸር ትዕግስት ትልቅ ወረቀት ላይ የተሣለ ጉጉት ይዛ ገባች። ገና ኮሌጅ ጨርሳ የመጣች፣ ስትናገር እጆቿ የማያርፉ ወጣት ነበረች። ሥዕሉን ሰሌዳው ላይ ስትለጥፈው ከኋላ ወንበር ያለ ልጅ «የሞት ወፍ!» ብሎ ጮኸ። ግማሹ ክፍል በሸሚዙ ውስጥ ተፋ።

«ማን ነው የሞት ወፍ ያላት?» አለች ቲቸር።

«አያቴ!» «እማዬ!» «ሁሉም ሰው!»

«እሺ። ጉጉቷን ራሷን ጠይቃችኋታል?»

ሳቅን። ከዚያ ነገረችን። ይቺ ጉጉት በዓለም ላይ የምትገኘው በህንድ ውቅያኖስ መሃል ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ብቻ ነው። ደሴቷ ላይ አንድ ጫካ አለ፤ ጉጉቷ የምትኖረው እዚያ ነው። ሰዎች ጫካውን እየቆረጡ ሲሄዱ ጉጉቶቹ እየቀነሱ መጡ።

«ሌላ አገር አትበርም?» አለች አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ።

«ወዴት ትብረር? ዙሪያዋ ባሕር ነው። የምታውቀው ቤት ያ ጫካ ብቻ ነው። ስለዚህ ብርቅዬ ጉጉት እንላታለን። ለነገ እያንዳንድሽ ሥዕሏን ሥለሽ፣ ለቤተሰብሽ አስረድተሽ እንድትመጪ። ወንዶችም!»

እኔ ግን አንድ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ቤት እንደደረስኩ ቦርሳዬን እንኳን ሳላወርድ ጠየቅሁ።

«እትዬ፣ ብርቅዬ ጉጉት የእርስዎ ናት?»

«ምን አልሽ?»

«ቲቸር ናት ያለችው። የብርቅዬ ጉጉት አለች ብላ።»

«በስመ አብ ወወልድ! ማን ነው በስሜ ጉጉት የጠራ? ስሟን ንገሪኝ የዚያችን አስተማሪ!»

ከመኝታ ቤት የእናቴ ሳቅ ተሰማ። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳያማት እየፈራች፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ከሰማኋት ወራት አልፈው ነበር። ከዚያ ጠራችኝና ብርቅዬ ማለት በቀላሉ የማይገኝ ማለት እንደሆነ አስረዳችኝ። ማታ ሥዬ የጨረስኩትን ሥዕልም «አምጪው ልየው» አለችኝ። ረጅም ጊዜ ይዛው ቆየች።

«ዓይኗን ለምን ቢጫ አደረግሽው?»

«ቲቸር ያሳየችን ቢጫ ነው።»

«የእኛ አገሯ ጥቁር ነው ዓይኗ። ጥቁርና ርጥብ። እኛ አገር እኮ…»

እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «አስካለዬ፣ እረፊ እንጂ። ነፍሰ ጡር ስለዚህ ነገር አታወራም።»

እናቴ ሥዕሉን መለሰችልኝ። ለባሏ ታላቅ እህት መልስ መስጠት አልለመደችም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ከረረ። ቦዩ ሞልቶ ከወንዙ ጋር ተገናኘ። አንድ ጠዋት አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ሳይ ጫካው ዙሪያውን በውሃ ተከቧል። በዙሪያው ውሃ ያለበት መሬት ምን ይባላል? ደሴት። ደሴት ላይ ጫካ አለ፤ ጫካው ውስጥ ጉጉት አለች። ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ ጋሽ ሰይድ ሮጥኩ።

«ጋሽ ሰይድ! የኛ ጉጉት ብርቅዬ ናት! በዓለም ላይ ያለችው እዚህ ብቻ ነው!»

ጋሽ ሰይድ በጥሞና ሰሙኝ። ከወንበራቸው ላይ የዝናብ ልብሳቸውን ከፈት አድርገው አጠገባቸው አስጠለሉኝ።

«ማሻአላህ» አሉ። «እኔ ደግሞ በጅማም በደሴም መንገድ ያየኋት ይመስለኝ ነበር።»

«እሷማ ሌላ ናት።»

«ሊሆን ይችላል። በዚህ ሰፈር ግን እውነትሽን ነው፤ ከዚች በቀር ሌላ የለም። ድሮ ከዚህ እስከ ላይ መንገዱ ድረስ ዛፍ ነበር፤ ብዙ ነበሩ። አሁን እነዚህ ባልና ሚስት ቀሩ።»

ክረምቱን ሙሉ ያቺን ደሴት ስጠብቅ ከረምኩ። ቀን ላይ ጉጉቶቹን ለማየት ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልተሳካልኝም። የሚኖሩት መሃል ላይ ባለ አንድ አሮጌ ጥድ ውስጥ ነበር፤ ግንዱ ከፍ ብሎ ቀዳዳ አለው። ከሥሩ ቆሜ አንገቴ እስኪደነዝዝ ባንጋጥጥ የማየው ጨለማውን ብቻ ነው።

ማታ ማታ ደግሞ እቤት ውስጥ አንድ ነገር ይደጋገማል። እናቴ ገና ፀሐይ ስትጠልቅ «ሜሮንዬ፣ መስኮቱን ክፈቺልኝ» ትላለች። እከፍታለሁ። ጉጉቷ ትጀምራለች። እናቴ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ አንዳንዴ በጆሮዋ በኩል እንባዋ ወደ ትራሱ ሲወርድ አያለሁ። እትዬ ብርቄ ይገቡና መስኮቱን ይዘጉታል። «ብርዱ» ይላሉ። ብርዱ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ እርጥብ ጉንጯን ያያል።

«ምን ሆና ነው?» ይላል ወደ ጓዳ ገብቶ።

«ምን ትሆን» ይላሉ እትዬ ብርቄ። «ትሰማታለቻ።»

እኔም ፍርሃት መሰለኝ። መስኮቱን የምታስከፍተኝም ስለሚሞቃት መሰለኝ። ትልቅ ሰው የሚያለቅሰው ሲፈራ ወይም ሰው ሲሞትበት ነው ብዬ የማምንበት ዕድሜ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ከምሳ በኋላ፣ እናቴ አንድ ጊዜ ጮኸች። ስንገባ አንሶላው ላይ ደም አለ። አባቴ ተጠርቶ እየሮጠ መጣ። ያመጣው ላዳ ግን ጭቃውን ፈርቶ አስፋልቱ ላይ ቀረ። ዝናቡ ይወርዳል፤ እናቴን እንዴት እንደምንወስዳት ግራ ሲገባን ጋሽ ሰይድ የሾፌር ወንበራቸውን ተሸክመው ገቡ።

«አስቀምጧት። ጎረቤት ጥሩ።»

በወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ ላስቲክ አልብሰው፣ አባቴና ሦስት ሰዎች በአራት ማዕዘን ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። ጋሽ ሰይድ ከኋላ በጃንጥላ ይከተሏታል። «አብሽሪ ልጄ፣ ምንም የለም፣ አብሽሪ» ሲሉ ይሰማኝ ነበር። እናቴ ዘወር ብላ አላየችኝም።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ልብስ ሊወስድ ተመለሰ። ፊቱ በአንድ ሌሊት ጠውልጎ ነበር። ደሙ ለጊዜው ቆሟል፤ ግን ከአሁን በኋላ ያለው አይታወቅም ብለውታል። እትዬ ብርቄ ሻይ አቀረቡለት፤ አልነካውም። አጠገቡ ቁጭ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ተስፉ፣ ወንድሜ፣ ስማኝ። ያን ዛፍ አስወግደው።»

«እትዬ፣ ተይኝ አሁን።»

«አልተውህም። አስካለ ሁለቱን ልጆች ስታጣ ያቺ ጉጉት አልጮኸችም? እሷ እየጮኸች አይደለም የሄዱት?»

«አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ» አሉ እትዬ ብርቄ። ያኔ እዚህ እንዳልነበሩ እኔም አባቴም ትዝ አላለንም።

አባቴ ተነሳ። ወደ ጋሽ ሰይድ ሲሄድ ጃንጥላውን ይዤ ተከተልኩት። ጋሽ ሰይድ ወንበራቸውን ከጭቃው እያጠቡ ነበር።

«እንዴት ሆነች?»

«ጋሽ ሰይድ፣ ለአንድ ነገር መጥቼ ነው። ጉጉቷ ያለችበትን ጥድ ልቁረጠው። ይፍቀዱልኝ።»

ጋሽ ሰይድ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣሉት። «ልጄ ተስፋዬ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ወፊቱን ከሞት ጋር ማን አዛመዳት? ሞት በአላህ እጅ ነው።»

«አውቃለሁ። አላምንበትም።»

«ታዲያ?»

«አስካለን ባጣት፣ ያን ዛፍ ባየሁት ቁጥር ምነው ቆርጬው በነበር እላለሁ። ዕድሜ ልኬን። ማታ ማታ ስትሰማት ታለቅሳለች ጋሽ ሰይድ! እኔ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

በእውነት ወደቀ። በዚያ ጭቃ ላይ፣ ለሥራ በሚለብሰው ሱሪ፣ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ያዘ። አባቴ ለሰው ሲንበረከክ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ጃንጥላውን በማን ላይ እንደምዘረጋ ጠፍቶኝ መሃል ላይ ቆምኩ።

«ተው! ተው ተነስ! አስተግፊሩላህ!» ጋሽ ሰይድ በብብቱ ይዘው አነሱት። ዞር ብለው ዛፎቹን ካዩ በኋላ «አንዱን ብቻ» አሉ። «እሱኑ ብቻ። ለሚስትህ ስትል። ሌላውን ቅርንጫፍ እንኳን እንዳትነካ።»

በዚያው ቀን አባቴ ሁለት ሰዎች ቀጥሮ አመጣ። መጋዙ ሲጀምር ሽታው ወዲያው ወደ ቤታችን ገባ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር አየሩ ቆሟል፤ ሽታው ልብሳችን ላይ፣ ዳቦው ላይ፣ ውሃው ላይ ሁሉ ተቀመጠ። ጥዱ ሲወድቅ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ከቀዳዳው ውስጥ ሁለቱም ወጡ። አንደኛዋ ወደ ወንዙ ማዶ ጠፋች። ሌላዋ የቀኑ ብርሃን ግራ አጋብቷት አጥራችን ላይ አረፈች።

ክንዴን ብዘረጋ የምደርስባት ያህል ቅርብ ነበረች። ቡናማ ናት፤ ደረቷ ነጭ ነጭ ጣል ጣል ያለበት። ዓይኖቿ ጥቁር ናቸው። ጥቁርና ርጥብ። ምንም የሚያስፈራ ነገር አላየሁባትም፤ ከእንቅልፏ የቀሰቀሷት ሰው ትመስል ነበር። ቁራዎች ደረሱባትና ይነቁሯት ጀመር። ድንጋይ አንስቼ ቁራዎቹ ላይ ወረወርኩ፣ ደግሜ ወረወርኩ፤ እሷም ደንግጣ ተነሳች። ቁራዎቹ ከኋላዋ እየጮሁ እያባረሯት ወደ ኤርፖርቱ አቅጣጫ ወሰዷት።

ግንዱ ሲሰነጠቅ ከቀዳዳው ውስጥ ብዙ ትናንሽ አጥንትና ፀጉር ተራገፈ። እትዬ ብርቄ «ያው! ያው አስማቱ!» አሉ። ጋሽ ሰይድ በዱላቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። «አይጥ ነው» አሉ በቀስታ። «የበላችው አይጥ ነው።» ከዚያ ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ አንድ የሰፈራችን ሰው መጥረቢያ ይዞ ወደ መሻገሪያው ግንድ መጣ። ጋሽ ሰይድ ከወንበራቸው ላይ ሆነው «ወዴት ነው?» ሲሉት ሰማሁ።

«አንድ ጥድ ልቆርጥ።»

«አይቆረጥም።»

«ለተስፋዬ ተፈቅዶ የለ እንዴ? የኔስ ሚስት ሰው አይደለችም?»

ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ወደ ሙስባሐቸው መለሱ። ሰውየው ተሻገረ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። ለአዲስ ዓመት ማገዶ የሚፈልግ ቤት ብዙ ነው፤ ከላይ ከአስፋልቱ ማዶ ሳይቀር በጋሪ የሚጭኑ ሰዎች መጡ። አባቴ ሆስፒታል ነው የሚያድረው፤ አንድ ጠዋት ሲመለስ አይቶ «ኧረ ተዉ! አንድ ብቻ ነው የተባለው!» እያለ በግንዱ ላይ ሮጠ። «አንተ ቆርጠህ እኛን ታስተምራለህ?» አሉት። ጋሽ ሰይድ ወንበራቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው በሩን ዘግተው ነበር። ጳጉሜ ከማለቋ በፊት ጫካው አለቀ። ከአጋሙ ቁጥቋጦና ከጉቶው በቀር የቀረ አልነበረም።

እናቴ በአዲሱ ዓመት መባቻ ሴት ልጅ ወልዳ ወደ ቤት ተመለሰች። ሁለቱም ደህና ነበሩ። እትዬ ብርቄ እልል አሉ፤ አባቴ የሚያደርገውን አጥቶ ከጓዳ ሳሎን ይመላለሳል። በዚያ ሁሉ ደስታ መሃል ስለ ጫካው ያነሳ የለም። ሲመሽ እናቴ ሕፃኗን አጥብታ አስተኛቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«ሜሮንዬ፣ መስኮቱን ክፈቺልኝ።»

ከፈትኩ። ከአጥሩ በላይ የነበረው ጥቁር የዛፍ ራስ የለም። በዚያ ፋንታ ሩቅ የኤርፖርቱ መብራት ይታያል።

«ያ ምንድን ነው?» አለች።

«ኤርፖርቱ ነው» አልኳት።

«ከዚህ ይታያል እንዴ?» ቀና ለማለት ሞከረች። «ዛሬ ለምን ዝም አሉ?»

አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ያዘ። ፊቱ ላይ ስጦታ ሊሰጥ ያለ ሰው ፈገግታ ነበር። «ተገላገልሽ። እኔ አስቆርጬልሻለሁ። ከእንግዲህ አትሰሚያትም።»

እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። አባቴን አየችው፣ መስኮቱን አየችው።

«ምኑን ነው ያስቆረጥከው?»

«ዛፉን። ጉጉቷ ያለችበትን። ታለቅሺ ስለነበር…»

እጇን ከእጁ ውስጥ ቀስ አድርጋ አወጣችና አፏን ሸፈነች። ከዚያ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ ስለ ደሴቷ ከነገረችኝ ሁሉ የበለጠ ተናገረች። ደሴታቸው ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጫካ አለ። ከዚያ ጫካ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሰው የለም፤ ጉጉቶቹ ዳጉሳውን ከአይጥ ይጠብቁላቸዋልና። እናቷ በሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሳና አባቷ በጀልባ ሳይመለስ ሲመሽበት፣ ልጆቹን «ስሙ፣ እሷ እየጠራችው ነው፤ በድምፅዋ አቅጣጫውን ያገኛል» እያለች ታስተኛቸው ነበር። አባቷም ሁልጊዜ ይመለስ ነበር።

«እዚህ አልጋ ላይ ተጋድሜ» አለች፣ «ሁለቱ እንደሄዱት ይቺም ትሄድብኛለች እያልኩ፣ እሷን ነው ስሰማ የከረምኩት። እየጠራቻት ነው፣ ትመጣለች እያልኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ አባቴ።

«መስኮቱን ክፈቱልኝ እያልኩ አልነበር?»

እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ ይነክሱ ነበር። ያን ማታ ማንም ራቱን በወጉ አልበላም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እትዬ ብርቄ ራሳቸው ሲመሽ እየገቡ መስኮቱን ይከፍቱት ጀመር። ማንም ሳይጠይቃቸው ይከፍቱና ሕፃኗን አቅፈው ትንሽ ይቆማሉ። ብርድ ይገባል፤ ትንኝ ይገባል፤ ሌላ ምንም አይገባም። ጓዳ ውስጥ ደግሞ አይጦች ዱቄቱን እየበሱ አስቸገሩን። ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው ወደ መንዝ ተመለሱ። ሲሰናበቱ እናቴን አቅፈው ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ እናቴ ግን እጃቸውን ስማ አልቅሳለች።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ቲቸር ትዕግስት አምስተኛ ክፍል ድረስ መጥታ አገኘችኝ። ሰኔ ላይ ስለ ደሴቴ ነግሬያት «መጥቼ አያታለሁ» ብላኝ ነበር።

«ሜሮን፣ ጉጉትሽ እንዴት ናት? ቅዳሜ ልምጣ?»

«ሄደች» አልኳት።

«ወዴት?»

ግንቦት ላይ ለዚያች ልጅ «ወዴት ትብረር?» ብላ የመለሰችላት ትዝ ብሏት መሰለኝ፣ ደግማ አልጠየቀችኝም። ጭንቅላቴን ደባብሳኝ ሄደች።

አባቴ ከዚያ በኋላ የጥድ ችግኝ ገዝቶ መጣና ጉቶዎቹ መሃል ተከላቸው። ጋሽ ሰይድን ይቅርታ ሊጠይቅ ሲገባ አብሬው ነበርኩ። «አልተቀየምኩህም» አሉት። «አንድ ብዬ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ግን ልጄ፣ ክረምቱ ወጥቷል፤ ውሃ ካላጠጣሃቸው አይዙልህም። ቢይዙም ጥድ ለልጅ ልጅ ነው የሚደርሰው።» አባቴ ከሥራ በመጣ ቁጥር ሱሪውን እንኳን ሳይቀይር ከወንዙ በጀሪካን ውሃ እየቀዳ ያጠጣቸው ነበር። ግማሾቹን ፍየል በላቸው። ሌሎቹ ቢጫ እየሆኑ ሄዱ። እሱ የሞቱትንም ያጠጣል።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ ወርዳ ገና ሳይጨልም፣ ከጉቶዎቹ መሃል ሲጣራ ሰማነው።

«አስካለ! ነይ ቶሎ! ነይ ስሚ!»

እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ቦዩ ደርቆ ስለነበር ተሻገርነው። አባቴ ጀሪካኑን በአንድ እጁ እንደያዘ ወደ ወንዙ ማዶ እያየ ቆሟል። ዝም እንድንል በጣቱ ምልክት ሰጠን። ከማዶ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ፣ ለስለስ ያለ፣ እየተቆራረጠ የሚመጣ ድምፅ ተሰማ።

ዋኔ ናት፤ የዱር ርግብ። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሯችን ላይ ስለምትጮህ አውቃታለሁ፤ ማንም ልጅ ያውቃታል።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ…» ልል ስል እናቴ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። ጣቶቿ ጠንከር ብለው አረፉብኝ።

«እሷ ናት አይደል?» አለ አባቴ። «ተመልሳ ነው አይደል?»

እናቴ ፊቷን ወደ ባሕር ዛፉ አድርጋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች፤ ጭቃ የነካውን ሱሪውንም፣ ከእጁ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃም አየች።

«እሷ ናት» አለችው።

አባቴ ጀሪካኑን አስቀምጦ አንዱ ጉቶ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እናቴ ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዷ አዛውራ አጠገቡ ቆመች። ዋኔዋ ጮሃ እስክትጨርስ ድረስ ዝም ብለን ሰማናት።